ጠለፋው ከፈረስ ወርዶ ስልክ ውስጥ ገባ

አዳማ ላይ ምሽት ሲሆን ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ በሚወስደው መንገድ ወክ የሚያደርጉ ጥንዶችን ያየ ሰው «ጠለፋ የአያቶቻችን ወሬ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እዚህ በፈረስ የሚመጣ የለም። ልጁ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ልጅቷ ከፈለገች ትሰጣለች፣ ካልፈለገች «ስልክ የለኝም» ብላ ታልፋለች። ከዚያ ቴክስት፣ ከዚያ ጁስ ቤት፣ ከዚያ «እንትና ከእንትና ጋር ጀምራለች»። ሥልጣኔ ይሉሃል ይሄ ነው።

እስቲ ደግሞ ጠጋ ብለን ጆሮ እንስጥ። «ኦንላይን ሆነሽ ለምን አልመለስሽልኝም?» «ፓስዎርድሽን ስጪኝ፤ የምትደብቂው ከሌለ ምን ያስፈራሻል?» «ይሄን ቀሚስ ለማን ብለሽ ነው የለበስሽው?» «ብትተዪኝ ፎቶሽን ለአባትሽ ነው የምልከው።» እንዲህ ዓይነት ንግግር ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ሲሰማ ግን ምን ይባላል? «ቅናት ነው፤ ስለሚወዳት ነው።» አንዳንዱማ እንደ ሙገሳ ይቆጥረዋል።

እኛ ደግሞ የምንለው ሌላ ነው። የድሮው ጠለፋና በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉ ፍቅረኛሞች መካከል ዛሬ የምናየው ጥቃት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መልካቸው ይለያያል፣ ደማቸው አንድ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ለማወቅ የድሮውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ለታሪኩ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ይበቃል።

ጠለፋ እንዴት ይሠራ ነበር?

በኦሮሞ ባህል ጋብቻ በአንድ መንገድ ብቻ አይፈጸምም። የተከበረው መንገድ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተጠያይቆ፣ ስጦታ ተሰጥቶ የሚደረገው ነው። ከእሱ ጎን «ቡቲ» የሚባለው ጠለፋ ነበር። ይሄ የኦሮሞ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ ሲዳማውም፣ ሌላውም በየቋንቋው ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 8 በመቶው ትዳራቸው በጠለፋ የተመሠረተ ነበር።

ጠላፊው ለምን ይጠልፍ ነበር? ምክንያቱ ብዙ ነው። የጥሎሽ ወጪ የከበደው ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ እምቢ የተባለ ነበር፤ ጭራሽ መጠየቅ የማያስፈልገው የሚመስለውም ነበር። ልብ ልንል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበት ልጅቷን ለአንድ ሌሊት ሊይዛት ይችላል፤ ዕድሜ ልክ ሊይዛት ግን አይችልም። ዕድሜ ልክ የሚያስራት ቁልፍ ሐፍረት ነው። ጠላፊው ልጅቷን የሚደፍራት ለዚህ ነበር። ክብረ ንጽሕናዋ ከተወሰደ ሌላ ባል አይፈልጋትም፤ አባቷ አንገቱን ይደፋል፤ ሽማግሌ ይመጣል፤ ካሳ ይባላል፤ ትዳር ይባላል። «ከእንግዲህ የት ትሄዳለች?» የምትለው ጥያቄ ከገመድ የበለጠ ታስር ነበር።

ይህችን ጥያቄ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

የሲንቄ ነገር

አርሲ ላይ ቆመን ጥቃትን ብቻ አውርተን፣ ጥቃትን የመመከቻውን ባህል ሳናነሳ ብንሄድ ግፍ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር አለች፤ ሲንቄ ትባላለች። መማቻ አይደለችም፤ መብት ናት። ባል ሚስቱን ከልክ በላይ ከበደላት፣ በተለይ በአራስነቷ ጊዜ እጁን ካነሳባት፣ የሴቶች ጥሪ ይሰማል። የጎረቤት ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እየዘመሩ የበዳዩን ደጅ ይከብባሉ። ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፤ ከብት አርዶ ወይም ከፍሎ ይታረቃል። እምቢ ካለ የሴቶቹ እርግማን አለ፤ ያንን የሚደፍር ብዙ አልነበረም። ነገሩ ከባሰ ሴቶቹ ቤትና ልጅ ጥለው ከመንደሩ ወጥተው ይሰፍራሉ፤ ወንዶቹ ለምነው እስኪመልሷቸው ድረስ አይመለሱም።

እንግዲህ «ፌሚኒዝም የፈረንጅ ዕቃ ነው» ለሚሉ ወንድሞቻችን ይህቺን በትር እናሳያቸዋለን።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ሲንቄ የምትሰጠው ላገባች ሴት ነው። ያላገባች የ15 ዓመት ልጅ በትር የላትም። ባህሉ ለሚስት ጋሻ ሠራ፤ ለልጃገረዷ ጋሻዋ አባቷና ወንድሞቿ ናቸው ብሎ አሰበ። አባትና ወንድም የማያውቁት ፍቅር ውስጥ ያለች ልጅስ? ስለ እሷ ማንም አላሰበም። ይህ ክፍተት ወደኋላ ሕጉ ውስጥም ይጠብቀናል።

የ14 ዓመቷ ልጅና ጠመንጃው

ታሪኩን ብዙዎቻችን በፊልም እናውቀዋለን፤ በእውነት የሆነው ግን አርሲ ውስጥ ከርሳ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የ14 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ያዟት። ጎጆ ውስጥ ተዘጋባት፤ ተደፈረች። ከዚያ ያገኘችውን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች። ሲከታተሏት ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው።

በዚያን ዘመን አካሄድ አበራሽ ነፍሰ ገዳይ ናት፤ ሟቹ ደግሞ «ሚስቱን ሊወስድ የነበረ ሰው» ነው። ጉዳዩን የያዘው ገና በእግሩ መቆም የጀመረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበታትን ልጅ ግን መንደሯ አልተቀበላትም። ከቀዬዋ ርቃ ነው ያደገችው። ሕግ «ንጹሕ ነሽ» ያላትን ልጅ ወግ «አትመለሺ» አላት። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ ሕግ መቀየር አንድ ነገር ሆኖ፣ የሰፈር አፍ መቀየር ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

ከእሷ ታሪክ የተነሳው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስና በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ርዕሱን ልብ ብላችሁታል? አማርኛችን ለጀግንነትና ለመደፈር አንድ ቃል ነው የሰጠው። «ደፈረ» ስንል ጀግናውንም ወንጀለኛውንም እንጠራለን። ቋንቋው ራሱ የማን ወገን እንደነበር ማሰብ ነው።

የፊልሙ ነገር ሌላም ትምህርት አለው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ባለታሪኳ አበራሽ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበር። ኋላ ላይ ጉዳዩ መፍትሔ አግኝቶ ፊልሙ ታየ። የማንንም ወገን ይዘን አንፈርድም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ሴት ታሪኳም ያለ ፈቃዷ እንዳይወሰድ መጠየቋ ይገባናል። ይህንንም ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን አልፈቀደም። ቅጣቱ ግን እስከ 3 ዓመት እስራት ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ትልቅ በር ከፍቶ ነበር፦ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባች ክሱ ይቀራል። ሰውየው በጉልበት ወስዶ፣ ደፍሮ፣ በሽማግሌ አስጨንቆ «አግብቼዋለሁ» ካስባላት ነፃ ነው። ሕጉ ለጠላፊው መውጫውን ራሱ አሳይቶታል።

ይህ ነገር በሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል የምናውቀው አሁንም ከአርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወይንሸት ዘበነ የ13 ዓመት ልጅ ሳለች ጉና ወረዳ ውስጥ ተጠልፋ ተደፈረች። ለፖሊስ አመለከተች። ጠላፊው እንደገና ወስዶ የጋብቻ ወረቀት አስፈረማት። አምልጣ ክሱን ቀጠለች። በ2003 የወረዳው ፍርድ ቤት ጠላፊውን 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹን 8 ዓመት ፈረደባቸው። እሰይ ሳንል፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ይግባኙን ያየው የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃዷ የሆነ ይመስላል ብሎ ሁሉንም ለቀቃቸው። የ13 ዓመት ልጅ። በፈቃዷ።

ወይንሸት ግን አላቆመችም። ጉዳዩ አገር ውስጥ በር ሲዘጋበት ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄደ። ኮሚሽኑ የኢትዮጵያ መንግሥት ልጅቷን መጠበቅ ሲገባው አልጠበቃትም ብሎ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ፤ ውሳኔው በ2016 ይፋ ሲሆን ከጠለፋው 15 ዓመት ሞልቶት ነበር።

በመሃል ሕጉ ተቀይሮ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አሳደገ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ መጥለፍን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ። አስገድዶ መድፈር ካለበት በዚያ ቅጣት ይቀጣል። ከሁሉም በላይ ያ የድሮ በር ተዘጋ፤ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ከተጠያቂነት አያድንም።

«እኛ ብቻ ነን እንዴ ኋላ የቀረነው?» ለሚል አንባቢ አንድ የውጭ አገር ታሪክ እንንገረው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ጣሊያን፣ ሲሲሊ ውስጥ አልካሞ በምትባል ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ተጠለፈች። የጣሊያን ሕግም ያኔ እንደኛው የድሮ ሕግ ደፋሪ ካገባ ይማራል የሚል ነበር። ፍራንካ አላገባም አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ፤ ሰውየው ታሰረ። ያ የሕግ አንቀጽ የተሰረዘው ግን በ1981 ነው። የዚህን ታሪክ ቁም ነገር የምናገኘው ጠላፊው ማን እንደነበር ስንሰማ ነው፦ የቀድሞ እጮኛዋ። ከማንም በፊት ያወቃት፣ ቤቷ ገብቶ የወጣ፣ ስትተወው መተውን ያልተቀበለ ልጅ። ጠለፋ ሁልጊዜ በማይታወቅ ፈረሰኛ አይመጣም።

ቁልፉ ተቀየረ

አሁን ወደ ያዝናት ጥያቄ እንመለስ፦ «ከእንግዲህ የት ትሄዳለች?»

ያኔ ቁልፉ ክብረ ንጽሕና ነበር። ዛሬ ቁልፉ ፎቶ ነው። በፍቅር ሰዓት የተላከ ፎቶ፣ በጨዋታ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የተያዘ ስክሪንሾት። «ብትተዪኝ እለጥፈዋለሁ» ማለት «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» ማለት ነው። አባት ይሰማል፣ ሰፈር ይሰማል፣ ትምህርት ቤት ይሰማል። ፈረስ የለም፣ ገመድ የለም፣ ጎጆ የለም፤ ልጅቷ ግን ታስራለች። ታስራ ደግሞ ከሰው ጋር ስትስቅ ትታያለች።

ቁልፉ ወደ መቆለፊያው እስኪገባ ድረስ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚመጡ ነገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ዱሉት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጠቁ ሴቶች የነገሩትን ሰብስበው የጥቃትን ባሕርይ በጋሪ ጎማ መልክ ሣሉት። በጎማው መሃል የተጻፈው «ዱላ» አልነበረም፤ «ሥልጣንና ቁጥጥር» ነው። ዱላው የጎማው ጠርዝ ነው፤ ውስጡን የሞሉት ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ ከሰው መለየት፣ ጥፋቱን በተጠቂዋ ማላከክ፣ በገንዘብ መያዝ ናቸው።

ይህን ወደኛ ሰፈር ስናመጣው እንዲህ ይመስላል። መጀመሪያ «ከእነዚያ ጓደኞችሽ ጋር መሆንሽን አልወደውም» ይላል፤ ሲቆይ ጓደኛ የላትም። ስልኳን ይፈትሻል፣ ፓስዎርዷን ይይዛል፣ የት እንዳለች በየሰዓቱ ፎቶ አንሥታ እንድትልክ ያዛል። በሰው ፊት ያሾፍባታል፤ ስትከፋ «ቀልድ አይገባሽም» ይላታል። ሲቆጣ ግድግዳ ይመታል፣ ስልክ ይሰብራል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ማን እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ነው። በጥፊ ሲመታት «አንቺ ነሽ ያናደድሽኝ» ይላል። ከዚያ ያለቅሳል፣ አበባ ይዞ ይመጣል፣ «ካለ አንቺ ራሴን አጠፋለሁ» ይላል። ሊኖር ዎከር የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ዙር ጽፋዋለች፦ መወጠር፣ መፈንዳት፣ መታረቅ፣ እንደገና መወጠር። አበባው የዙሩ መጨረሻ መስሎ ይታያል፤ ለቀጣዩ ዙር ግን መንደርደሪያ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይለያል፦ «እምቢ ብል ምን ይፈጠራል?» እሱ ቢከፋውም ነገሩ በዚያው የሚያልቅ ከሆነ ፍቅር ሊሆን ይችላል። እምቢ ለማለት የሚያስፈራሽ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው። ይህ ለወንዶችም ይሠራል፤ የሴት ጓደኛው የምትመታው፣ የምታስፈራራው፣ ስልኩን የምትቆጣጠረው ልጅ አለ። «ወንድ ልጅ ሆኖ» ተብሎ ስለሚሳቅበት ደግሞ አይናገርም።

እምቢታን አለመስማት እስከ የት እንደሚያደርስ አገሩ ሁሉ ያየው በ1999 ዓ.ም. ነው። ካሚላት መህዲ የ21 ዓመት ወጣት ነበረች። ለዓመታት ሲከታተላት የነበረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አሲድ ደፋባት፤ አብረዋት የነበሩ እህቶቿም ተጎዱ። ፊቷ በየጋዜጣው ወጣ፤ ለሕክምና ፈረንሳይ ሄደች። ያኔ ብዙ ሰው «ምን አድርጋው ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነው፦ እምቢ አለችው።

ሕጉና የፍቅረኛ ነገር

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስን ጥቃት ለይቶ ይጠራል። አንድ ጣሪያ ሥር የማይኖሩ፣ ካፌና ትምህርት ቤት በር ላይ የሚገናኙ ፍቅረኛሞች በዚያ አንቀጽ ውስጥ የሉም። ሲንቄ ላገባች ነበር፤ አንቀጽ 564ም አብራ ለምትኖር ነው። የ16 ዓመቷ ልጅ ሁለቱም ጋ የለችም።

የለችም ማለት ግን ሕግ የላትም ማለት አይደለም። አካል መጉዳት በማንም ይፈጸም ወንጀል ነው። አስገድዶ መድፈር ከ5 ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት አለው፤ «ፍቅረኛዬ ናት» ማለት መከላከያ አይሆንም። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነ ደግሞ ያለ ኃይልም ቢሆን ከእሷ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸም በአንቀጽ 626 ያስቀጣል። በስልክና በኢንተርኔት ማስፈራራት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ወንጀል ነው። ስለዚህ «ፎቶሽን እለጥፋለሁ» የሚለው ልጅ ወንጀል እየሠራ ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ቁልፉን በግማሽ ያላላዋል።

ችግሩ ሕጉ ጋ የሚደርስ ሰው ማነሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። በዚያው ጥናት ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ተስፋ አትቁረጡ፤ በ2005 ቁጥሩ 81 በመቶ ነበር። ሐሳብ ይቀየራል፤ ግን በራሱ ጊዜ አይቀየርም፤ የሚቀይረው ሰው ይፈልጋል።

የሚቀይሩት ሰዎችም በቀላሉ አልሠሩም። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በተደጋጋሚ በተጠቃች አንዲት ሴት ጉዳይ የፍትሕ አካላትን በአደባባይ በመውቀሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳምንታት ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድበው፣ አዳማን ጨምሮ በየክልሉ በቅርንጫፎቹ ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የነበረው ይኸው ማኅበር ተዳከመ። አዋጁ የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 10 ዓመታት ስንት ልጆች በር አንኳኩተው የሚከፍትላቸው እንዳጡ የቆጠረ የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለተጠቃችው እህታችን፦ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፎቶ መላክሽም፣ ቤተሰብ ሳያውቅ መገናኘትሽም እሱን አይፈቅድለትም። የማስፈራሪያ ቴክስቶችን አታጥፊ፤ ስክሪንሾት አንሥተሽ ለምታምኛት ሰው ላኪ። ለመለያየት ከወሰንሽ ብቻሽን አትሂጂ። «ለመጨረሻ ጊዜ እንነጋገር» የሚለው ቀጠሮ በጣም አደገኛው ቀጠሮ ነው፤ የግድ ከሆነ ሰው የሚበዛበት ቦታ፣ ከጓደኛ ጋር ይሁን። ተደፍረሽ ከሆነ ሳትታጠቢ በቶሎ ሆስፒታል ሂጂ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ እርግዝናን የሚከላከለውም በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሕክምናው ማስረጃም ይሆንልሻል።

አዳማ ላይ የሚኬድበት ቦታ አለ። በአዳማ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ቃሉንና የሥነ ልቦና ምክሩን አንድ ቦታ ለመስጠት የተቋቋመ የአንድ መስኮት ማዕከል ተከፍቷል። እዚህ ከተማ መጠለያ የከፈተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ አለ፤ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሠረቱት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዙትን ጠይቂ። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማሽ ሁለተኛው ጋ ሂጂ። ወይንሸትን አስታውሺ።

ለጓደኛ፦ «ለምን አትተዪውም?» አትበያት። ጥያቄው ከእሷ አፍ ላይ ሊወጣ የነበረውን ወሬ ይመልሰዋል። «አምንሻለሁ፤ ምን ላድርግልሽ?» ይበቃል። ተመልሳ ከእሱ ጋር ብትሆንም አትቀየሚያት፤ ጓደኛ ማጣቷ እሱ የሚፈልገው ነው። ያጫወተችሽን ደግሞ ሳታስፈቅጂ ለማንም አትንገሪ። አበራሽ በቀለ ስለ ፊልሙ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ለወንድሞቻችን፦ ጓደኛችሁ የእሷን ፎቶ ሲያሳያችሁ አትሳቁ። ፎርዋርድ ያደረገ ሰው ከጠላፊው ኋላ በፈረስ የጋለበ አጃቢ ነው። ድሮም ጠላፊ ብቻውን አልሄደም፤ አጃቢ ቢያጣ ኖሮ አብዛኛው ጠለፋ ባልተሳካ ነበር። እምቢ ስትባሉ ደግሞ ያማል፤ እናውቃለን፤ እኛንም እምቢ ብለውናል። ማንም አልሞተም።

ለወላጆች፦ ልጅቷ «ብነግራቸው ይገድሉኛል» ብላ እስካመነች ድረስ፣ ለአስፈራሪዋ ቁልፉን እያቀበላችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የፍራንካ ቪዮላ አባት ልጁ ስትጠለፍ ልጁን አልደበቀም፤ ከጎኗ ቆመ። በዚያ ቀን ቁልፉ ከጠላፊው እጅ ወደቀ። «ምንም ቢፈጠር ወደ ቤት ነይ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ሳይፈጠር በፊት ብትነገር፣ ከአንቀጽ 587 በላይ ትሠራለች።

ሲንቄ ለሚስት ተሰጠች። ሕጉም ለሚስት ተጻፈ። በመሃል ያለችው፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስልኳ በነዘረ ቁጥር የምትደነግጠው ልጅ በትሯን ከማን ትቀበል? የአርሲ ሴቶች መልሱን ድሮ ነግረውናል፦ ጥሪው ሲሰማ የያዙትን ጥሎ መውጣት። ዛሬ ጥሪው በጩኸት ላይመጣ ይችላል፤ በድንገት ዝም ያለች ጓደኛ፣ ግሩፑን ለቃ የወጣች ልጅ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የገባ «ነቅተሻል?» የሚል ቴክስት ሊሆን ይችላል።

ከመጣ መልሱለት።

ቸር እንሰንብት።